ከብረት ቧንቧ እስከ ካርቦን ክር፦ የኮርስ ብስክሌት ፍሬም ታሪክና የምርጫው ሚዛን

ለጎዳና እሽቅድምድም የሚሠራው ብስክሌት፣ በአገራችን ስፖርተኞች ዘንድ የኮርስ ብስክሌት ተብሎ የሚታወቀው፣ በከፍተኛ ደረጃ ከካርቦን ፋይበር መሠራቱ ዛሬ ጥያቄ የማይነሳበት ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ካርቦን በታላላቅ ውድድሮች የበላይነቱን ከያዘ ከሩብ ምዕተ ዓመት ብዙም አልዘለለም፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ የሻምፒዮኖቹ ብስክሌት ከብረት ቧንቧ የተበየደ ነበር። ፍሬም የሚባለው ሁለቱን ጎማዎች፣ መቀመጫውን፣ መሪውንና ፔዳሉን አንድ ላይ አስተሳስሮ የሚይዘው የብስክሌቱ አጽም ሲሆን፣ ከእርሱ የሚፈለጉት ባሕርያት ደግሞ እርስ በርስ የሚጋጩ ናቸው። ዳገት ላይ ቀላል፣ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ የማይጣመም፣ በሸካራ መንገድ ላይ ጋላቢውን የማያደክም፣ በግጭት ጊዜም የማይሰበር መሆን ይጠበቅበታል። የፍሬም ታሪክ እነዚህን ፍላጎቶች ለማስታረቅ የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥረት ታሪክ ነው፤ በዚህም ሂደት ብስክሌቱ የሚሠራበት ቁስ ብቻ ሳይሆን «ምርጥ» የሚያሰኘው ሚዛን ራሱ ደጋግሞ ተለውጧል። ሚዛኑን የለወጡት ሦስት ኃይሎች ናቸው፦ ከአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የመጣው ቁስ፣ የሠሪዎቹ የአሠራር ልማድና የውድድር ሕግ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብረት ዘመን

የዛሬው ብስክሌት መልኩን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማዎች ያሉትንና የኋላው ጎማ በካቴና የሚዞርበትን «ሮቨር» የተባለ ብስክሌት ለገበያ አቀረበ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ለብስክሌት የሚሆን በአየር የሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አወጣ። በተከታዮቹ ዓመታት ፍሬሙ ከሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተጋጠመውን፣ እስካሁንም ያልለቀቀውን ቅርጽ ያዘ። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ካልታጠፉ ወይም ካልተሰበሩ በስተቀር ቅርጹን ስለማይቀይር፣ በጥቂት ቁስ ብዙ ሸክም ለመቻል የሚያስችል በመሆኑ ይህ አሠራር በቀላሉ የሚተካ አልሆነም።

ከቅርጹ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የቧንቧው ውፍረት ነበር። በብረት ፍሬም ላይ ትልቁ ጫና የሚያርፈው ቧንቧዎች እርስ በርስ በሚገናኙባቸው ጫፎች ላይ ሲሆን፣ የብየዳው ሙቀትም የሚያዳክመው ይህንኑ ቦታ ነው። ስለዚህ በ1897 የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ ሬይኖልድስ የውጭ ስፋቱ እኩል ሆኖ ጫፎቹ ወፍራም፣ መሐሉ ግን ስስ የሆነ ቧንቧ የሚመረትበትን ዘዴ ከባልደረባው ጋር በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የሬይኖልድስ ኩባንያ በ1935 «531» የተባለውን ከማንጋኒዝና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀየጠ ብረት ሲያወጣ፣ ይህ ቧንቧ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት የጥሩ ፍሬም መታወቂያ ሆነ። በጣሊያን ደግሞ አንጀሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 በሚላኖ የመሠረተው፣ በኋላ «ኮሎምቡስ» በሚል ስም የታወቀው ድርጅት የሬይኖልድስ ዋና ተፎካካሪ ለመሆን በቃ።

የቧንቧው አቅራቢዎች ጥቂት፣ የቧንቧዎቹ ስፋትም በአብዛኛው መደበኛ ስለነበር፣ አንዱን የብረት ፍሬም ከሌላው የሚለየው የሠሪው እጅ ነበር። እንደ ኤርኔስቶ ኮልናጎ፣ ኡጎ ዴ ሮዛና ጆቫኒ ፒናሬሎ ያሉ የሰሜን ጣሊያን ባለሙያዎች የጋላቢውን የእግር፣ የክንድና የወገብ ርዝመት ለክተው ቧንቧውን በዚያው ልክ ይቆርጡ፣ ጫፎቹን ልክ እንደ እጅጌ በሚቀበሉ የብረት መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያስገቡ፣ ከዚያም ከብረቱ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ነሐስ ወይም ብር ያያይዙት ነበር። በዚያ ዘመን ምርጥ ብስክሌት መምረጥ ማለት ምርጥ ባለሙያ መምረጥ ነበር ማለት ይቻላል። የታወቀ ተወዳዳሪ በስፖንሰሩ ስም የተቀባ ብስክሌት እየጋለበ ፍሬሙን ግን ሌላ ባለሙያ በስውር የሠራለት መሆኑ የተለመደ ነገር የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብረት በቀላልነት ረገድ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የታየው በጥቅምት 1972 ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በሜክሲኮ ሲቲ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን፣ ማለትም አንድ ጋላቢ ብቻውን በአንድ ሰዓት የሚሄደውን ርቀት፣ ለማሻሻል ሲነሳ ኮልናጎ ያዘጋጀለት ብስክሌት ከ6 ኪሎ ግራም በታች ይመዝን ነበር፤ ክብደት ለመቀነስ ሲባል የካቴናው ማያያዣዎች ሳይቀሩ ተበስተዋል። መርክስ በዚህ ብስክሌት 49.431 ኪሎ ሜትር ሄደ። ነገር ግን ይህ ማሽን ፍሬንም ማርሽም ያልነበረው፣ ቬሎድሮም በሚባል ለስላሳ የብስክሌት መወዳደሪያ ክብ ሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ የተዘጋጀ ነበር፤ የዘመኑ የጎዳና ብስክሌት ወደ 10 ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር። ብረት ግትርነቱን ጠብቆ ከዚህ እጅግ እንዲቀልል ከተፈለገ የቧንቧው ግድግዳ እንደ ቆርቆሮ ስለሚሳሳ፣ ወደፊት ለመራመድ ሌላ ቁስ ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ።

ከአውሮፕላን ሞተር የመጣ ክር

ካርቦን ፋይበር ለብስክሌት የተፈለሰፈ ቁስ አይደለም። በ1958 አሜሪካዊው ሮጀር ቤከን በዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እጅግ ጠንካራ የካርቦን ክሮችን በሙከራ አገኘ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አኪዮ ሺንዶ በጃፓን ከሰው ሠራሽ ክር፣ ማለትም አክሪሊክ ልብስ ከሚሠራበት ፖሊአክሪሎናይትራይል ከተባለው ቁስ፣ የካርቦን ክር የሚወጣበትን መንገድ አሳየ፤ በብሪታንያ ፋርንቦሮ ይገኝ የነበረው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ደግሞ በዚያው አሥርተ ዓመት ይህን ዘዴ አጎልብቶ ለኢንዱስትሪ አበቃው። ሂደቱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ሰው ሠራሹ ክር በመጀመሪያ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት በአየር ውስጥ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ተንነው ይወጡና ካርቦኑ ብቻ ይቀራል። የሚገኘው ክር ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።

አዲሱ ቁስ ዝናውን ያገኘው ከታላቅ ውድቀት ጋር ነው። ሮልስ ሮይስ «አርቢ211» ለተባለው የአውሮፕላን ሞተር የካርቦን ፋይበር የማራገቢያ ምላጮችን ሠርቶ የነበረ ሲሆን፣ ምላጮቹ ወፍ በሞተሩ ውስጥ የመግባቱን አደጋ በሚመስለው ሙከራ ተሰባበሩ፤ በታይታኒየም እንዲተኩ ተደረገ፤ የፕሮጀክቱም ወጪ ኩባንያውን በ1971 ለኪሳራ ከዳረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ካርቦን ፋይበርን ለንግድ ማምረት ጀመረ፤ የአውሮፕላን ሠሪዎች ገና በጥርጣሬ በሚያዩት በዚያ ወቅት ለምርቱ ገበያ ከከፈቱለት ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና የጎልፍ ዱላ ይገኙበታል። ብስክሌትም በዚሁ በስፖርት ዕቃ በር ነው የገባው።

የካርቦንን ጥቅምና አደጋ ለመረዳት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክሩ ብቻውን እንደማንኛውም ጨርቅ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክሮና በሙቀት ጠንክሮ ነው ፍሬም የሚሆነው፤ ከሁለቱ የሚገኘው ጥምር ቁስ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.6 ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.8 ግራም ይመዝናል። ሁለተኛው ብረት በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ሲበረታ፣ ካርቦን ግን እንደ እንጨት ቃጫ በክሩ አቅጣጫ ብርቱ፣ በአግድሙ ደካማ ነው። ይህ ጉድለት ቢመስልም የንድፍ ነጻነት የሚገኘው ከእርሱ ነው፤ ፔዳሉ በሚዞርበት ቦታ መጠማዘዝን የሚከላከል፣ መቀመጫውን በሚሸከመው በኩል ደግሞ ወደ ታች ትንሽ እሺ የሚል ፍሬም ክሮቹን በተለያየ አቅጣጫ በመደርደር ብቻ ማግኘት ይቻላል።

ከተጣበቀ ቧንቧ ወደ አንድ ወጥ አካል

የመጀመሪያዎቹ የካርቦን ብስክሌቶች ይህን ነጻነት አልተጠቀሙበትም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ቅርንጫፍ ያወጣው «ግራፍቴክ» የተባለ ብስክሌት የብረቱን አሠራር በቀጥታ የወረሰ ነበር፤ በስስ አሉሚኒየም ላይ የተጠቀለለ የካርቦን ቧንቧ በብረት መገጣጠሚያ ውስጥ በሙጫ ይጣበቅ ነበር። የተለያዩ ቁሶች በሙቀትና በጫና የሚለጠጡበት መጠን የተለያየ በመሆኑ የዚህ ዓይነቱ አሠራር ደካማ ጎን ሁልጊዜ የሚጣበቅበት ቦታ ነበር። ያም ሆኖ ካርቦንን በዓለም ፊት ያስመሰከረው ይኸው የተጣበቀ ቧንቧ ነው። ቀድሞ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማያያዣ ያመርት የነበረው የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ብስክሌት ፔዳልና ፍሬም ገብቶ ስለነበር፣ በ1986ቱ ቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቡድን አባላት የነበሩት ቤርናር ኢኖና ግሬግ ለሞንድ በዚህ ኩባንያ ስም የቀረቡ፣ የካርቦን ቧንቧቸው በአሉሚኒየም የተገጣጠመ ብስክሌቶችን ጋለቡ። ለሞንድ ሲያሸንፍ ቱሩን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ፤ የካርቦን ፍሬምም ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቁ ውድድር አናት ላይ ታየ።

በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ኬስትረል የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ከዚህ የላቀ እርምጃ ወሰደ። «4000» ብሎ የሰየመው ፍሬም መገጣጠሚያም ክብ ቧንቧም ያልነበረው፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንደ አንድ ወጥ አካል የተጋገረ ነበር፤ ይህ አሠራር ሞኖኮክ ይባላል። በ1987 የታይዋኑ ጃይንት የካርቦን ቧንቧ ያለውን «ካዴክስ» በብዛት እያመረተ ለተራ ገዢ አቀረበ፤ በ1992 ደግሞ የአሜሪካው ትሬክ በዊስኮንሲን ፋብሪካው ራሳቸው ካርቦን የሆኑ መገጣጠሚያዎችን የሚጠቀም፣ በክር ንብርብሮቹ መካከል የሚቀረውን የአየር ክፍተት በከፍተኛ ግፊት የሚያሳንስ አሠራር ይዞ ብቅ አለ። የአየር ክፍተት ትኩረት ያገኘው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በሙጫው ውስጥ የቀረች ትንሽ አረፋ በተደጋጋሚ ጫና ወደ ስንጥቅነት የምትለወጥ በመሆኗ የአንድ ካርቦን ፍሬም ዕድሜ የሚወሰነው ከክሩ ዋጋ ይልቅ በዚህ ጥራት ነው።

ይሁንና የተወዳዳሪዎቹ ጥርጣሬ በቤተ ሙከራ ውጤት የሚወገድ አልነበረም። ካርቦን ሲሰበር እንደ ብረት አስቀድሞ ተጣሞ ስለማያስጠነቅቅ፣ ብዙዎች ለዳገት እንጂ ለሸካራ መንገድ አያምኑትም ነበር። ይህን አስተሳሰብ የቀየረው በሰሜን ፈረንሳይ ከ1896 ጀምሮ የሚካሄደው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሻካራ የድንጋይ ንጣፍ የሚያቋርጠው የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ነው። ኮልናጎ በ1994 ድርጅቱ የተመሠረተበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ «ሲ40» የተባለውን ፍሬም ሲያወጣ፣ የብረት ዘመኑን የመገጣጠሚያ ጥበብ ወደ ካርቦን አሻግሮ ነበር። በ1995 ፍራንኮ ባሌሪኒ በዚህ ፍሬም ፓሪስ-ሩቤን አሸነፈ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የዚሁ የማፔይ ቡድን አባላት የሆኑት ዮሃን ሙሴው፣ ጃንሉካ ቦርቶላሚና አንድሪያ ታፊ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ጠቅልለው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ካርቦን ለድንጋይ መንገድ አይሆንም የሚለው ክርክር ክብደቱን አጣ። አሉሚኒየም በ1990ዎቹ ለአጭር ጊዜ መሐል ገብቶ ማርኮ ፓንታኒ የ1998ቱን ቱር በአሉሚኒየም ቢያንኪ ቢያሸንፍም፣ በአዲሱ ምዕተ ዓመት መባቻ ሜዳው የካርቦን ሆነ።

ሕግ እንደ ንድፍ አውጪ

የካርቦን ሁለተኛ ስጦታ ቅርጽን ነጻ ማውጣቱ ነው። ብረት ቧንቧ ሆኖ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ካርቦን ግን የቅርጽ ማውጫውን መልክ ሁሉ ይቀበላል። የእንግሊዛዊው ማይክ በሮውስ ንድፍ ውጤት የሆነው፣ በእሽቅድምድም መኪና ሠሪነቱ የሚታወቀው ሎተስ ያመረተው ባለ አንድ ወጥ አካል ብስክሌት ይህን በግልጽ አሳየ፤ ክሪስ ቦርድማን በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ4,000 ሜትር የግል ማሳደድ ውድድርን በእርሱ አሸንፎ ለብሪታንያ ከ72 ዓመት በኋላ በብስክሌት የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን በተደጋጋሚ ሲሻሻልና ብስክሌቶቹ ከተለመደው መልክ እየራቁ ሲሄዱ፣ ውድድሩ የሰው ነው ወይስ የማሽን የሚለው የቆየ ጥያቄ እንደገና ተነሳ።

ጥያቄው የቆየ ነው መባሉ ያለ ነገር አይደለም። በ1933 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር በጀርባ ተጋድሞ በሚጋለብ ብስክሌት የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በተከታዩ ዓመት እንዲህ ያለውን ማሽን ከውድድር አግዷል። ኅብረቱ በ1996 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ከተማ ባጸደቀው ቻርተርም ያንኑ መንገድ በመከተል የሰው ጉልበት ከማሽን መቅደም አለበት የሚል መርሕ አስቀመጠ፤ ፍሬሙ ባህላዊውን የሁለት ሦስት ማዕዘን መልክ እንዲይዝ፣ የቧንቧዎቹም ቁመትና ስፋት በተወሰነ ልክ እንዲገደብ የሚያዝዙ ደንቦች ተከተሉ። ከሁሉም በላይ የኢንዱስትሪውን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ2000 ሥራ ላይ የዋለው፣ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም በታች መሆን የለበትም የሚለው ድንጋጌ ነው።

ይህ ቁጥር ሲወጣ ለብዙ ሠሪዎች ሩቅ የነበረ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካርቦን ያለ ችግር ከእርሱ በታች ወረደ፤ የቡድን መካኒኮችም ብስክሌቱ ሕጉን እንዲያሟላ ክብደት እስከ መጨመር ደረሱ። በዚህ ጊዜ ቀላልነት ትርፍ የማያስገኝ ሆነ። ሠሪዎቹ ያተረፉትን ግራም ሌላ ጥቅም ላይ ለማዋል ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ አየር ግጭት አዞሩ። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጋላቢ ከሚገጥመው ተቃውሞ አብዛኛው የአየር ነው፤ ይህን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ1995 በካናዳ የተመሠረተው ሰርቬሎ ይህን ሒሳብ ከሰዓት ውድድር ብስክሌት ወደ ጎዳናው ካሻገሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች ለዳገት ቀላል የሆነ አንድ ሞዴል፣ ለሜዳ አየር የሚቆርጥ ሌላ ሞዴል ጎን ለጎን ያቀርቡ የነበረ ሲሆን፣ ስፔሻላይዝድ በ2020፣ ትሬክ በ2024 ሁለቱን ወደ አንድ ሞዴል ማዋሐዳቸው የሚያሳየው ዘዴው ሁለቱንም ለማስታረቅ መብቃቱን ነው።

የእጅ ሥራ ከሎምባርዲያ ወደ ታይዋን

ፍሬም የሚሠራበት ቦታ የተለወጠውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1972 በታይዋን ታይቹንግ አካባቢ የተመሠረተው ጃይንት መጀመሪያ ለሌሎች፣ በተለይም ለአሜሪካው ሽዊን፣ የሚያመርት ነበር፤ በኋላ በራሱ ስም መሸጥ ሲጀምር ከካርቦን ክር ሽመና እስከ ተጠናቀቀ ብስክሌት ያለውን ሂደት በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ማይክ በሮውስ ከሎተስ ቀጥሎ የሠራው ለዚህ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የነደፈው «ቲሲአር» የላይኛውን ቧንቧ ወደ ኋላ እንዲያዘቅዝቅ በማድረግ ፍሬሙን አሳጠረ፤ በጥቂት መጠኖች ብቻ ብዙ ዓይነት ቁመት ያላቸውን ጋላቢዎች ማስተናገድም ተቻለ። ይህ ለፋብሪካው ትልቅ ቁም ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ መጠን የሚያስፈልገው የብረት ቅርጽ ማውጫ እጅግ ውድ በመሆኑ ለአንድ ደንበኛ ልክ ፍሬም መሥራት በካርቦን ዘመን አዋጪ አልሆነም።

የካርቦን ፍሬም ማሽን የሠራው ቢመስልም በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። አስቀድሞ በሙጫ የተነከረውና እንዳይጠነክር በማቀዝቀዣ የሚቀመጠው የካርቦን ሉህ በቅርጽና በአቅጣጫ ተለይቶ ይቆረጣል፤ በመቶ የሚቆጠሩት ቁርጥራጮች በንድፉ በተወሰነው ተራ በእጅ ይነጠፋሉ፤ ከዚያም በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተከተው ከውስጥ በአየር በሚነፋ ከረጢት እየተገፉ በሙቀት ይጋገራሉ። ከቶሬይ ወይም ከሌላ ፋብሪካ ከተገዛ አንድ ዓይነት ክር ሁለት የተለያዩ ፍሬሞች የሚወጡት በዚህ የንጣፍ ንድፍና በሠራተኛው ጥንቃቄ ምክንያት ነው። ነጋዴዎች የሚጠቅሱት «ሞዱለስ» የሚባለው መለኪያ ክሩ ሲሳብ የማይለጠጥበትን መጠን፣ ማለትም ግትርነቱን እንጂ ጥንካሬውን አያመለክትም፤ በጣም ግትር የሆነ ክር በግጭት በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ጥሩ ፍሬም ሁልጊዜ የተለያዩ ክሮች ቅይጥ ነው።

የጣሊያን ቤቶችም ከዚህ ለውጥ አላመለጡም። ኮልናጎ መገጣጠሚያ ያላቸውን ውድ ፍሬሞች በጣሊያን ሎምባርዲያ ክልል በምትገኘው ካምቢያጎ መሥራቱን ሲቀጥል ሞኖኮኮቹን ግን በእስያ ያስመርታል፤ በ2020 አብዛኛው ድርሻው ለአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ታዴይ ፖጋቻር ለኩባንያው የመጀመሪያውን የቱር ደ ፍራንስ ድል አመጣለት። የአፍሪካ ቀንድ ልጆችም የዚህ አዲስ ካርታ ተካፋዮች ሆነዋል። ትግራዊው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የጋለበው የጣሊያን ቡድን ማልያ ለብሶ፣ ቡድኑን በስም ጭምር ይደግፍ የነበረውን የታይዋኑን ሜሪዳ ብስክሌት ነበር፤ ጣሊያኖች የብስክሌት እሽቅድምድምን ባስፋፉባት አስመራ የተወለደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 በቱሩ ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ ለነጥብ አሸናፊ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወስዷል።

ታሪኩ ለመራጭ የሚሰጠው ሚዛን

ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ዛሬ በገበያ ላይ ባሉት የካርቦን ብስክሌቶች መካከል የሚደረገው ምርጫ ግራም በመቁጠር የሚያልቅ አይደለም። ጋላቢና ብስክሌት በድምሩ 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ 1 ኪሎ ግራም ቢቀነስ የሚተርፈው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፤ ብዙ ገዢዎች ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፍሉበት ልዩነት ደግሞ ከኪሎ ግራም ያነሰ ነው። በሜዳም ቢሆን ከአየር ግጭቱ አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው የጋላቢው አካል እንጂ ብስክሌቱ ባለመሆኑ፣ ጋላቢው ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳይሠቃይ ሊቆይበት የማይችለው ብስክሌት በነፋስ ዋሻ የቱንም ያህል ቢመሰገን አይጠቅመውም።

የብረት ዘመን ባለሙያ የጋላቢውን አካል በመለካት ይጀምር የነበረው አሠራር ዛሬ በሠንጠረዥ ተተክቷል። አምራቾች ከፔዳሉ ማዞሪያ መሐል እስከ ፍሬሙ የፊት ቧንቧ አናት ያለውን ቀጥተኛ ከፍታና አግድም ርቀት ስለሚያሳውቁ፣ ገዢው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከራሱ የአቀማመጥ ልክ ጋር ማመሳከር ይችላል፤ በተለይ መሪውና ግንዱ አንድ ወጥ ሆነው የፍሬን ቱቦ በውስጣቸው በሚያልፍባቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ላይ በኋላ ማስተካከል አድካሚና ውድ ስለሆነ ይህ አስቀድሞ መታየት አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው የጎማ ስፋት ነው። ለብዙ ዓመታት 23 ሚሊ ሜትር የነበረው የእሽቅድምድም ጎማ ዛሬ 28ና ከዚያ በላይ ሆኗል፤ በ2018 በውድድር ሙሉ ፈቃድ ያገኘው የዲስክ ፍሬን ለሰፊ ጎማ ቦታ በመክፈቱ፣ ቀድሞ ከፍሬሙ ይጠበቅ የነበረውን ምቾት አሁን በአብዛኛው የሚሰጠው ዝቅ ባለ ግፊት የተነፋ ሰፊ ጎማ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ዕድሜ ነው። በወጉ የተሠራ ካርቦን በአጠቃቀም ብዛት እንደ አሉሚኒየም በቀላሉ አይደክምም፤ ነገር ግን በወደቀ ጊዜ ንብርብሮቹ ከውስጥ ሊላቀቁ፣ ቀለሙም ጉዳቱን ሊሸፍን ስለሚችል ያገለገለ ፍሬም የሚገዛ ሰው በባለሙያ ማስመርመር፣ ብሎኖችንም አምራቹ በወሰነው ልክ በሚለካ መፍቻ ብቻ ማጥበቅ ይኖርበታል። ለውድድር የሚገዛ ከሆነ ከ2011 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ኅብረት በሚፈቅዳቸው አዳዲስ ፍሬሞች ላይ የሚለጥፈው ምልክት መኖሩን ማረጋገጥም የግድ ነው።

ካርቦን የታሪኩ መደምደሚያ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በጥቅምት 2022 በስዊዘርላንድ ግሬንሸን ቬሎድሮም የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ወደ 56.792 ኪሎ ሜትር ያሳደገበት የፒናሬሎ ብስክሌት ፍሬም የተሠራው ለራሱ አካልና ለዚያ ሙከራ ታስቦ በሦስት ገጽታ ማተሚያ ከታተመ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የክሩን ደረጃ ወይም የሚዛኑን ቁጥር የሚመለከት ሳይሆን፣ ብስክሌቱ በማን አካል ልክና ለየትኛው መንገድ እንደተሠራ የሚመለከት ነው፤ ይህን መልሶ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለአቀማመጥ ባለሙያ የሚያውል ሰው እጅግ ውዱን ፍሬም ያለ ልኩ ከሚገዛው ይልቅ የተሻለ ይመርጣል።